አራት ለአንድ

ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ሥራዋ የሰው ጭንቅ መስማት ነበር። የአምቡላንስ ጥሪ ተቀባይ ነበረች። ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ የልብስ ማጠቢያው እንፋሎት በመስኮት በሚገባባት አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ ዓይኗን ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው የከተማው ካርታ ላይ ሳትነቅል፣ ስልኩ በጠራ ቁጥር የምትናገረው የመጀመሪያ ቃል አንድ ብቻ ነበር። «አድራሻ!» ጤና ይስጥልኝ የለ፣ ምን ልርዳዎት የለ። መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ መኪናው የሚሄድበትን ይወቅ ነው ነገሩ። በዚህ የተነሳ ሾፌሮቹ «እትዬ አድራሻ» አሏት፤ ስሙም ተጣብቆ ቀረ። ጡረታ ስትወጣ የተሰጣት የምስክር ወረቀት ላይ ካልሆነ በቀር እናት አባቷ ባወጡላት ስም የሚጠራት ጠፋ።

ፊልም ነፍሷ ነበር። የዕረፍት ቀኗ ሲደርስ ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ሲኒማ ቤት ትገባለች፤ ማንም አብሯት እንዲሄድ አትፈልግም፤ አብሯት የሄደም ሁለተኛ አይለምደውም። ታወራለቻ! «ኧረ ተወኝ!» ትለዋለች ሸራው ላይ የሚያለቅሰውን ሰውዬ። «አንተ ራስህ መቼ አመንከው?» የአውቶቡስ መካኒክ የነበረው ባሏ አንድ ቀን አብሯት ገብቶ፣ ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች ዝም እንድትል ሲለምኗት አፍሮ፣ ፊልሙ ሳያልቅ ወጥቶ በር ላይ ጠብቋታል።

ጡረታ ከወጣች በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚተላለፍ የሬዲዮ የፊልም ሰዓት ላይ መደወል ጀመረች። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትደውል አቅራቢው «ሃሎ፣ ማን ልበል?» ቢላት፣ ከልማድ የተነሳ «አድራሻ!» ብላው ስቱዲዮው በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ወዲያ ግን ማንም አልሳቀባትም። አንድን ተዋናይ በሦስት ቃል አንስታ በሦስት ቃል ታፈርጠዋለች። «ያቺ ልጅ ትሰማለች» ትላለች የወደደቻትን። «ያ ሰውዬ ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል እንጂ አይሰማም» ትላለች ያልወደደችውን። አድማጩ ለመዳት። እንዲያውም ባልየው ገበያ ሲወጣ «የእትዬ አድራሻ ባል» እየተባለ መጠቆም ጀመረና እሱም በሆዱ ኩራት ቢጤ ተሰማው።

እንግዲህ በየዓመቱ የሚሰጥ አንድ የፊልም ሽልማት ነበር። ለውድድሩ የሚቀርቡት በሌሎች መድረኮች አስቀድመው የተሸለሙ ድራማዎች ብቻ ናቸው፤ የሽልማቶች ሽልማት መሆኑ ነው። ዳኞቹ አምስት ናቸው። በዚያ ዓመት አዘጋጆቹ «ከአምስቱ አንዱ ከተመልካች ወገን ይሁን» አሉና የሬዲዮ አቅራቢው እሷን ጠቆመ። ደብዳቤው ሲደርሳት ሁለት ጊዜ አነበበችውና መነጽሯን አውልቃ ለባሏ ሰጠችው።

«ምን ይላል?» አለ እሱ፣ ከማንበብ መጠየቅ ስለሚቀለው።

«ዳኛ ሁኚ ይለኛል።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ነበርሽ?»

አንድ ነገር ብቻ ከነከናት። አንድ ልጃቸው ሜካፕ ሠሪ ናት። ለዓመታት ሙሽሮችን ስታስውብ ኖራ፣ ገና አምና ነበር በአንድ ትልቅ ዳይሬክተር ፊልም ላይ ለመሥራት የበቃችው። ፊልሙም ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ፣ እንዲያውም አስቀድሞ ያሸንፋል የተባለለት ነው። ዳይሬክተሩ ለልጅቷ የሚቀጥለውንም ፊልም አብራው እንደምትሠራ ቃል ገብቶላታል። ስለዚህ እናት በመጀመሪያው ስብሰባ፣ ገና ወንበር ከመሳቧ፣ እጇን አነሳች።

«ልጄ እዚህኛው ፊልም ላይ ሠርታለች። ልወጣ የሚገባኝ ከሆነ አሁኑኑ ልውጣ።»

ሊቀመንበሩ ስለ ሲኒማ ሁለት መጽሐፍ የጻፈ፣ ሻሽ የመሰለ ስካርፍ በበጋም በክረምትም አንገቱ ላይ የሚጠመጥም ሰው ነው። ሌሎቹን አየት አየት አደረገና ፈገግ አለ። «ይሄማ ምን ችግር አለው፣ እናታችን» አለ። «ይቀመጡ።» እሷም ፈገግታው «ድምፅሽማ ለልጅሽ ፊልም ነው» ማለት እንደሆነ ገባትና ተቀመጠች።

ስምንቱን ፊልሞች ያዩት በማዘጋጃ ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ውስጥ ነው። ወንበሮቹ ስፖንጃቸው የወጣ፣ ማቀዝቀዣው እንደ አሮጌ ሰው የሚያጉረመርም አዳራሽ ነበር። ከሊቀመንበሩና ከእሷ ሌላ አንድ የቴአትር አዘጋጅ፣ አንድ የካሜራ ባለሙያ፣ አንዲት የሥነ ጽሑፍ መምህርት ነበሩ። እሷ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትቀመጥና ፊልሙ ሲጀምር አፏን በእጇ ትይዛለች። እንዳታወራ።

የትልቁ ዳይሬክተር ፊልም በሦስተኛው ቀን ታየ። ስለ አንድ አባት ነው። አባትየው ቤት ሲገባ ልጁን ከደረጃ ሥር ወድቃ ያገኛታል፤ ስልክ አንስቶ አምቡላንስ ይጠራል። ከተማው ሁሉ የሚያወራለት ትዕይንት ይሄ ነበር። ካሜራው ሳይቋረጥ አራት ደቂቃ ሙሉ ፊቱ ላይ ይቆማል። ተዋናዩ ይጮኻል፣ ግድግዳውን በጭንቅላቱ ይመታል፣ «ልጄን! ልጄን!» ይላል፣ በጉልበቱ ይወድቃል፣ የስልኩን እጀታ ደረቱ ላይ አቅፎ ይንሰቀሰቃል፤ ከበስተኋላ ቫዮሊን ይነሳል። የሥነ ጽሑፍ መምህርቷ አለቀሰች። የካሜራ ባለሙያው አፍንጫውን ጠረገ። ሊቀመንበሩ ስካርፉን ከአንገቱ ፈቶ ዓይኑን አበሰበት። እትዬ አድራሻ ደብተሯ ላይ ሁለት ቃል ጻፈች። «አድራሻ አልተናገረም።»

ፊልሙ ወደ ማለቂያው ሲደርስ ደግሞ ለሃያ ዓመት የተኳረፈው ወንድምየው ድንገት ሆስፒታሉ በር ላይ ይደርስና ሁለቱ ተቃቅፈው ይታረቃሉ። እሷ ሌላ መስመር ጨመረች። «ለዚህ ማን ደወለለት?»

በአምስተኛው ቀን የታየው በትንሽ አቅም የተሠራ ፊልም ነው። ስለ አንዲት ልብስ አጣቢ ነው። ባሏ ከሚሠራበት ሕንፃ ላይ ወድቆ ሞቷል፤ የሥራ ባልደረባው ሊያረዳት ይመጣል። ሴትየዋ የሰውየውን ፊት አይታ ገብቷታል። ግን አልጮኸችም። «ቁጭ በል» አለችው። «ውሃ ልስጥህ?» ሰጠችው። ጠጣ። «ጨምርልኝ» አለ ሰውየው፣ መናገሩን ለማዘግየት። ጨመረችለት። አሁንም ጠጣ። ብርጭቆውን ሦስተኛ ስትሞላ እጇ ላይ ፈሰሰና ያንን እያየች «በል ንገረኝ እንግዲህ» አለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ፊልሙ ሲያልቅ ሴትየዋ የሟቹን ሸሚዞች ሁሉ አጥባ በዝናብ ታሰጣቸዋለች። መብራቱ ሲበራ እትዬ አድራሻ አፏን እንደያዘች ነበር፤ ግን ለሌላ ምክንያት።

የውሳኔው ቀን ደረሰ። ጠረጴዛው ላይ ሻይና ብስኩት ነበረ። ሊቀመንበሩ ብዙም አላስረዘመም። «ጊዜ አናባክን መሰለኝ። ምርጥ ፊልም የአባትየው። ምርጥ ትወናም አባትየው ራሱ። ተስማማን?» ሦስቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ብዕሩ ቃለ ጉባኤው ላይ ሊያርፍ ሲል፦

«አልተስማማንም» አለች እሷ።

ብዕሩ አየር ላይ ቀረ።

«ያ ሰውዬ አምቡላንስ ሲጠራ አድራሻ አልተናገረም» አለች። «አራት ደቂቃ ሙሉ! ልጅቷ ወድቃለች፤ እሱ ግድግዳ ይመታል።»

የቴአትር አዘጋጁ ሳቅ አመለጠው። መምህርቷ ግን ጨዋ ነበረችና ወንበሯን ወደ እሷ ዞር አደረገች። «እትዬ፣ ፊልም እኮ ሕይወት አይደለም። ደዋይ ሁሉ አድራሻ ይናገር ይሆናል። ይሄ ተዋናይ ግን ሰውየው በሆዱ የጮኸውን ነው አውጥቶ ያሳየን።»

«ሕይወትን ይምሰል መች አልኩ?» አለች። «ሸሚዝ በዝናብ የሚያሰጣ ሰው አይቼ አላውቅም። እዚያ ፊልም ላይ ግን አምኛለሁ። እሺ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ ሰውዬ ደወለልኝ። ድምፁ ቀስ ያለ ነው። ‹ይቅርታ፣ ሥራ አስፈታሁዎት› አለኝ። ሰፈሩን ነገረኝ፤ የቤት ቁጥሩን ነገረኝ፤ በሩ ሰማያዊ ነው አለ፤ ‹ሾፌሩ እንዳይፈራ፣ ውሻው አይናከስም› አለ። ልጁ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶበት ነው። ስልኩን አልዘጋውም፤ እኔም አልዘጋሁም። መኪናው ደርሶ የሰዎች ኮቴ ሲሰማ ነው ያኔ የጮኸው። ድምፁ እስከ ዛሬ እዚህ አለ።» ጆሮዋን ነካች። «ሰው ለማልቀስ አይደውልም፤ ሰው እንዲደርስለት ነው የሚደውለው። የእናንተ ተዋናይ ከስልኩ ማዶ ሰው መኖሩን ረስቶታል። የሚያወራው ለእኛ ነው። ለሽልማት ነው የሚያወራው።»

መምህርቷ የያዘችውን ብስኩት መልሳ ሳህኑ ላይ አኖረች።

«ደግሞስ» አለች፣ አንዴ ከጀመረች ዝም ስለማትል፣ «ያ ወንድምየው ማን ደውሎለት ነው የመጣው? ሃያ ዓመት አልተነጋገሩም። ታሪኩ ማለቅ ስላለበት ነው የመጣው። እኔ በሠራሁበት ቤት ማንም ሳይጠራ የሚደርስ የለም።»

የካሜራ ባለሙያው አቀርቅሮ «እውነት ማን ደወለለት?» አለ ለራሱ። ሊቀመንበሩ ዓይኑን ሲያፈጥበት ግን ፈጠን ብሎ ሻዩን ፉት አለ።

ድምፅ ተሰጠ፤ የእሷ ለልብስ አጣቢዋ ሄደ። አራት ለአንድ።

«ይሁን» አለች እሷም ሳትከፋ። «ድምፅ ነው፣ ተሸነፍኩ።» ቃለ ጉባኤው ተጻፈና ለፊርማ ዞረ። ተራዋ ሲደርስ መነጽሯን አደረገች። ወረቀቱ ላይ «ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ወሰኑ» የሚል ተጽፏል።

«ይሄ ስህተት ነው።»

«የተለመደ አጻጻፍ ነው» አለ ሊቀመንበሩ። «የሽልማቱ ክብር ነው፣ እናታችን። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምንጽፈው።»

«እናታችሁ ሆኜ አልተጠራሁም፤ ዳኛ ሆኜ ነው። አራት ለአንድ ይባል።»

ለመኗት፤ ሽንጧን ገትራ ቀረች። ተቆጧት፤ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ራሷ ብዕሩን አንስታ ከፊርማዋ በላይ በትልልቅ ፊደል «አራት ለአንድ» ብላ ጻፈችና ቦርሳዋን ይዛ ወጣች።

ወሬው ቤት የደረሰው ከእሷ ቀድሞ ነው። ልጇ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት፤ ሜካፕ የነካካው ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም።

«እማ፣ ዳይሬክተሩ ደወለልኝ። ‹እናትሽን ምን አድርጌያቸው ነው?› አለኝ።»

«ምንም አላደረገኝም። ፊልሙን ነው ያየሁት።»

«አሸንፏል አይደል? ታዲያ አንድ ቃል ብትተይው ምን ነበረበት? ‹በሙሉ ድምፅ›! ሁለት ቃል ነው እሺ! ማን ያነበዋል?»

«እኔ አነበብኩት።»

ልጅቷ እንባዋ መጣ። «ለእኔ ስትይስ?»

ይህቺ አባባል እናትን አንጀቷ ድረስ ገባቻት። ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ለአንቺ ስል ብዙ ነገር አደርጋለሁ» አለች። «አፌ ያላለውን ብሏል ብዬ መፈረም ግን አልችልም። እሱን አትጠይቂኝ።» ባልየው ከጓዳ በር ላይ ቆሞ አንዴ ሚስቱን አንዴ ልጁን ያይ ነበር። የአውቶቡስ ሞተር ቢሆን በአንድ መፍቻ ይጠግነው ነበር፤ ይሄን ግን ከየት በኩል እንደሚፈቱት አላወቀም።

ሽልማቱ የተሰጠው እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር። አዳራሹ ጢም ብሏል። ባልና ሚስት ለዳኞች በተዘጋጀው ሁለተኛ ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ልጅቷ ከመድረኩ ጎን፣ የፊት ዱቄቷንና ብሩሿን ይዛ፣ ወደ መድረክ የሚወጡትን ታሰማምራለች፤ ወደ እናቷ በኩል አታይም። የመድረክ መሪው ፖስታውን ቀደደ። በደማቅ ድምፅ አነበበ። «የዓመቱ ምርጥ ትወና፣ በዳኞች ሙሉ ድምፅ...» የቀረውን ጭብጨባው ዋጠው። ተዋናዩ ተነስቶ እየተቃቀፈ ወደ መድረክ ወጣ።

እትዬ አድራሻ ጽፋ ነበር እኮ። በገዛ እጇ! ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቀችና ተነስታ ቆመች።

«ይቅርታ!»

ያ ድምፅ ሃያ ሰባት ዓመት በብልሹ መስመር፣ በጩኸትና በሳይረን መሐል ሲሰማ የኖረ ድምፅ ነው። ማይክ አላስፈለገውም።

«በሙሉ ድምፅ አይደለም። አራት ለአንድ ነው። አንዷ እኔ ነኝ።»

ከወደ ኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሌላው «ይቀመጡ!» አለ። የመድረክ መሪው ወረቀቱን አገላብጦ አየው፣ ሌላ ነገር የተጻፈበት ይመስል። ባልየው ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ኮቱን ቆልፎ ከጎኗ ተነስቶ ቆመ። እሷ አልተቀመጠችም። የመድረክ መሪው ጉሮሮውን አጸዳ፤ «ይቅርታ፣ እንግዲህ... በአራት ለአንድ» አለ ወደ ማይኩ። ያኔ ነው የተቀመጠችው። በጎን ሰረቅ አድርጋ ብታይ ልጇ ብሩሽ በያዘ እጇ ፊቷን ሸፍናለች።

ሲወጡ ተዋናዩ ኮሪደሩ ላይ ደረሰባቸው። ሽልማቱን እንደ ዱላ ጨብጦታል፤ ፊቱ ቀልቷል።

«ምን በደልኩዎት? እዚያ ትዕይንት ላይ ሦስት ቀን ነው ያለቀስኩት! ድምፄ ተዘግቶ ሐኪም ቤት ነው የሄድኩት!»

«አምናለሁ። አልቅሰሃል።» ቀና ብላ አየችው። «ከማዶ ማን ነበር?»

«የት ማዶ?»

«ስልኩ ላይ። ማንን ነበር የምታናግረው?»

ትንሽ አሰበ። «ማንንም። ባዶ ስልክ ነው።»

«ይኸው ነው የእኔ ነገር።»

የሰውየው ቁጣ ከፊቱ ላይ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም በረድ አለ። «ዳይሬክተሩ ነው እንዲህ አድርግ ያለኝ» አለ ቀስ ብሎ።

«እኔንም ፈርሚ ብለውኝ ነበር» አለችና ባሏን ክንዱን ይዛ ሄደች።

ከዚያማ ጉድ ፈላ። አንድ ጋዜጣ «ቅናተኛ አሮጊት» አላት። የሬዲዮ ጣቢያው ለሁለት ወር ስልኳን አላነሳም። አዘጋጆቹ የይቅርታ ደብዳቤ እንድትጽፍ ጠየቁ። እሷም ጻፈች፤ ደብዳቤዋ ሦስት መስመር ነበረች። «ድምፄን ሰጥቻለሁ። ድምፄ የጠፋው ቆጠራ ላይ ነው። ይቅርታ መጠየቅ ያለበት የቆጠረው ነው።» መልስ አልመጣም። ዳይሬክተሩ ለሚቀጥለው ፊልሙ ሌላ ሜካፕ ሠሪ ቀጠረ።

ይሄኛው ነው የጎዳት። ልጇ ሦስት ሳምንት ሳትመጣ ሳትደውል ቀረች። በሦስተኛው ሳምንት እናት ራሷ ተነስታ፣ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ የልጇን በር አንኳኳች። ልጅቷ ከፈተችና በሩ ላይ እንደቆመች «ይቅርታ ልትጠይቂኝ ነው የመጣሽው?» አለች።

«አዎ። ሥራሽን ስላሳጣሁሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። ስለተናገርኩት ግን አልጠይቅሽም።»

«ግማሽ ይቅርታ ነው እንዴ ያመጣሽልኝ?»

«ያለኝ እሱ ነው። ሙሉ ነው ብል ውሸት ይሆናል።»

ልጅቷ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ሳታስበው ሳቀች፤ ወዲያው በመሳቋ ተናደደች። «ግቢ በይ» አለች። «ብርድ ነው።» ያን ቀን ብዙ አልታረቁም። ሻይ ጠጡ፣ ስለ አባቷ ጉልበት ሕመም አወሩ። ልጅቷ አንድ ቴአትር ቤት ሥራ ማግኘቷን፣ ክፍያው ቢያንስም አለቃው ግን ሰው መሆኑን ነገረቻት። ስትሸኛትም «አሁንም አንድ ቀን ዝም ማለት ትችዪ ነበር እላለሁ» አለቻት። «በይ፣ መብትሽ ነው» አለች እናት።

የልብስ አጣቢዋ ፊልም ምንም አልተሸለመም። ነገር ግን «ያቺ አንዷ ዳኛ የመረጠችው የቱ ነው?» የሚል ሰው እየበዛ ሄዶ፣ ከወራት በኋላ አንድ ትንሽ ሲኒማ ቤት ለሁለት ሳምንት መልሶ አሳየው። እናት ልጇን ጋበዘቻት። ልጅቷም መጣች። አብረው ገብተው፣ አብረው አይተው፣ ወጡ። እናት የመንገዱን ግማሽ ድረስ ታግሳ፣ ታግሳ፣ አልቻለችም።

«እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው» አለች ልጅቷ። «ግን እጇ አልተዋጠልኝም።»

«ምን ሆነ እጇ?»

«የልብስ አጣቢ እጅ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሳሙና ውስጥ የሚውል እጅ ጥፍሩ ሥር ይነጣል፣ መገጣጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል። እሷ የቢሮ ሠራተኛ እጅ ነው ያላት። እኔ ብሆን ሁለት ሰዓት ቁጭ አድርጌ እሠራላት ነበር።»

«እጅ ማን ያያል!»

«እኔ አየሁት» አለች ልጅቷ።

እናት መንገዱ መሐል ቆመች። ቤት እስኪደርሱ ድረስ ስለ እጅ ተጨቃጨቁ፤ አላፊ አግዳሚው ዞሮ እስኪያያቸው ድረስ።

በማግስቱ እትዬ አድራሻ ብቻዋን ተመልሳ ገባች። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እጅ እጁን ብቻ አየች። ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ ለልጇ ደወለች።

«እጁን አየሁት። ልክ ነሽ።»

«እና?»

«እና ምን? አሁንም ከአባትየው የምትበልጠው እሷ ናት።»